ጨቅላ ላላት እናት ብር መስጠት ያሰንፋል ላሉት ጸሐፊ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ አለ። ዝቅተኛ ገቢ ኖሯቸው ትንንሽ ልጆች ለሚያሳድጉ ቤተሰቦች በየወሩ ቁርጥ ያለ ገንዘብ ይሰጥ የሚለውን ሐሳብ የሚቃወም ነው። ምን ላይ ዋለ ተብሎ ሳይጠየቅ፣ ሥራ ያዛችሁ አልያዛችሁ ሳይባል፣ በወሩ በወሩ የሚገባ ዋስትና ያለው ገቢ ማለት ነው። ጸሐፊው ይህን አይወዱትም። ምክንያታቸውን ባጭሩ ላስቀምጠው፦ ሰውን ያሰንፋል፤ ለመጠጥና ለሲጋራ ይውላል፤ አሜሪካ ውስጥ ተሞክሮ ልጆቹን አልለወጠም፤ ከብሩ ይልቅ ዕቃ መስጠት ይሻላል፤ ሰው ለብር ሲል ይወልዳል፤ ዋጋ ይንራል፤ መንግሥት አይችለውም። መጨረሻ ላይ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ብለው ይቋጫሉ።

አንብቤ ዝም ልል ነበር። ግን ጽሑፉ ደህና ተደርጎ የተጻፈ ነው፤ ቁጥርም ይጠቅሳል። ሰው የሚያሳምነው ደግሞ እንዲህ ያለው ነው። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልሂድበት። እውነት የተናገሩበትን ቦታ አልነፍጋቸውም። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ግን ጸሐፊው ጭራሽ ያላነሱት ጥያቄ አለ። ለምን ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ተለዩ? ልጅ ሲወለድ የቤቱ ወጪ ይጨምራል፣ ገቢው ይወርዳል፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ። እናትየው ቢያንስ ለተወሰነ ጊዜ ከሥራ ትቀራለች። ደመወዝ የሚከፈልበት የወሊድ ፈቃድ ካላት እሰየው፤ በሰዓት ወይም በቀን የምትከፈል ከሆነች ግን ያልሠራችበት ቀን ባዶ ነው። ወላጆቹም አብዛኛውን ጊዜ ወጣቶች ናቸው፤ ደመወዛቸው ገና አላደገም፣ የቆጠቡትም የለም። ከአሥር ዓመት በኋላ ደህና ያገኙ ይሆናል። ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመጣ ደመወዝ ግን የዛሬን ኪራይ አይከፍልም፤ እሱን አምኖ የሚያበድር ባንክም የለም። ድጎማው የታሰበው ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው። ጸሐፊው ይህን ትተው ገንዘቡን ሌላ ሌላ ሥራ ያዙትና «አልሠራም» ይሉታል። የጽሑፉ ዋና ችግር ይሄ ነው፣ ሌላው ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል።

እሺ፣ ወደ ስንፍናው እንሂድ።

ማስረጃቸው በቴክሳስና በኢሊኖይ የተደረገው ጥናት ነው። ጥናቱ እውነተኛ ነው፣ ጥሩም ጥናት ነው። ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው 1,000 ሰዎች ለሦስት ዓመት በወር 1,000 ዶላር ተሰጣቸው። ለማነፃፀሪያ ደግሞ ሌሎች 2,000 ሰዎች በወር 50 ዶላር አገኙ። ውጤቱ በ2024 ሲወጣ ብዙ የተቀበሉት ከሌሎቹ ይልቅ በሳምንት 1.3 ሰዓት ገደማ ያነሰ ሠርተው ተገኙ። ሥራ ላይ ያሉት ሰዎች ድርሻም በ2 ፐርሰንት ነጥብ ዝቅ አለ። ጸሐፊው ይህንን «ሥራቸውን ጥለው ቁጭ አሉ» ብለው ነው ያቀረቡት። 1.3 ሰዓትን ለአምስት የሥራ ቀን አካፍሉት፤ በቀን ሩብ ሰዓት ነው። በወር 1,000 ዶላር በነፃ እየመጣለት በቀን ሩብ ሰዓት የቀነሰን ሰው ሰነፍ ማለት ትንሽ ይከብዳል።

ደግሞስ ሥራ ቀነሰ ሲባል ማን ነው የቀነሰው? ይሄ ጥያቄ ነው ዋናው። በካናዳ ማኒቶባ፣ ዶፊን በምትባል ትንሽ ከተማ ከ1974 እስከ 1979 ለነዋሪው ዋስትና ያለው ገቢ ተሞክሮ ነበር። መረጃው ለብዙ ዓመታት ካርቶን ውስጥ ተኝቶ ከቆየ በኋላ ኢኮኖሚስቷ ኤቭሊን ፎርጄ አውጥታ አገላበጠችው። የከተማዋ ሰው ሆስፒታል የሚገባበት መጠን ከሌሎች ተመሳሳይ ሰዎች ጋር ሲነፃፀር በ8.5 ፐርሰንት ቀንሶ አገኘችው። ሥራ በደንብ የቀነሱት ደግሞ አዲስ የወለዱ እናቶችና ትምህርታቸውን ሳያቋርጡ የቀጠሉ ወጣቶች ነበሩ። ስንፍና ይሉታል እንዴ ይሄን?

ከዚህ የባሰ (ለጸሐፊው የባሰ ማለቴ ነው) ከኬንያ የመጣ ማስረጃ አለ። ጊቭዳይሬክትሊ የተባለው ድርጅት በሲያያ አውራጃ ከ10,000 በላይ ለሆኑ ድሃ ቤተሰቦች ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ለእያንዳንዳቸው 1,000 ዶላር ገደማ ሰጠ። ማን እንደሚያገኝ የተወሰነው በዕጣ ነው፣ ስለዚህ ማነፃፀሩ ንጹህ ነው። ተመራማሪዎች በ2025 ባወጡት ውጤት ገንዘቡን ባገኙት ቤቶች አንድ ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ገደማ ቀንሷል። በግማሽ! ክትባትም መድኃኒትም አልተሰጠም፤ ብር ነው የተሰጠው። እንዴት ሆነ ሲባል አንደኛው ምክንያት እናቶቹ ከመውለጃቸው በፊትና በኋላ ባሉት ወራት ከባድ ሥራ በግማሽ ገደማ መቀነሳቸው ነው። ሌላው ሐኪም ያለበት ጤና ተቋም ሄደው መውለዳቸው ነው፤ ለውጡ ጎልቶ የታየውም እንዲህ ያለ ተቋም በቅርብ ባለበት ነው። በጸሐፊው ሚዛን እነዚህ ሴቶች ሰነፉ። በስምንት ወር እርጉዝነቷ አፈር ስትቆፍር የነበረች ሴት ቁጭ አለች፣ ልጇም በሕይወት ተረፈ። እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለው ስንፍና ይብዛልን እላለሁ።

ተቃራኒውም አለ። በካሊፎርኒያ ስቶክተን ከተማ 125 ሰዎች ከ2019 መጀመሪያ ጀምሮ በወር 500 ዶላር ሲሰጣቸው፣ ከተቀበሉት መካከል ሙሉ ጊዜ የሚሠሩት በአንድ ዓመት ከ28 ወደ 40 ፐርሰንት ከፍ አሉ። ካልተቀበሉት መካከል ከ32 ወደ 37 ነው። ትንሽ ሙከራ ስለሆነ ብዙ አልመካበትም። ጸሐፊው ግን ስቶክተንን ስሟንም አላነሱ።

መጠጥና ሲጋራውን ቶሎ ልለፈው፣ ምክንያቱም ይሄ ክርክር ካለቀ ቆይቷል። ሁለት የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች ከተለያዩ አገሮች የተሰበሰቡ 19 ጥናቶችን አንድ ላይ አይተው ነበር። ጥሬ ገንዘብ ሲሰጥ ለመጠጥና ለትምባሆ የሚወጣው አይጨምርም፤ እንዲያውም በአማካይ ትንሽ ይቀንሳል። የሚጠጣ ሰው የለም አላልኩም። የሚጠጣው ግን ድጎማው ሳይመጣም ይጠጣል፤ ደመወዙም ተጠጥቶ ያልቃል። ለዚህ ብለን ደመወዝ በዕቃ ይከፈል ብለን አናውቅም።

አሁን ወደ ከባዱ ነጥብ። እዚህ ላይ ጸሐፊው እጃቸው ላይ እውነተኛ ነገር ይዘዋል።

አሜሪካ ውስጥ «ቤቢስ ፈርስት ይርስ» የሚባል ጥናት አለ። በ2018 እና በ2019 በኒውዮርክ፣ በኒው ኦርሊንስ፣ በኦማሃና በሚኒያፖሊስ አካባቢ የወለዱ 1,000 ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው እናቶች ገና ከወሊድ አልጋ ሳይነሱ ተመዘገቡ። 400 የሚሆኑት በዕጣ በወር 333 ዶላር፣ የቀሩት 20 ዶላር በካርድ ይገባላቸው ጀመር። ልጆቹ አንድ ዓመት ሲሆናቸው የጭንቅላታቸው የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ሲለካ፣ ብዙ በሚያገኙት ቤት ያሉት ልጆች ፈጠን ያለ እንቅስቃሴ አሳዩ። በ2022 ይህ ሲወጣ ዓለም ተንጫጫ፤ «ብር የሕፃናትን አእምሮ ይለውጣል» ተባለ። ከዚያ ልጆቹ አራት ዓመት ሞላቸው። በቋንቋ፣ ራስን በመግዛት፣ በባሕርይ፣ በዚያው በጭንቅላት እንቅስቃሴም ሲለኩ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም። ጸሐፊው ይህን አንስተው «በቃ፣ ከሸፈ» ብለዋል።

ውጤቱን አልክደውም። ድጎማውን የሚደግፉ ሰዎችም በ2022 ቶሎ ባይጮሁ ጥሩ ነበር። ግን ከዚህ ተነስቶ «ከሸፈ» ለማለት ብዙ ነገር መዝለል ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ ጊዜው። ልጆቹ ገና ዳዴ ሲሉ ኮሮና ገባ። መንግሥት ለሁሉም ሰው፣ 20 ዶላር ለሚያገኙትም ጭምር፣ ድጋፍ አፈሰሰ። በሁለቱ ቡድኖች መካከል ያለው ክፍተት መጀመሪያ የታሰበውን ያህል ሆኖ አልዘለቀም። ሁለተኛ፣ በዓመት 4,000 ዶላር አካባቢ እንደ ኒውዮርክ ባለ ከተማ ምን ያህል ነው? ይረዳል፣ ግን ቤተሰብን ከተበላሸ ሰፈር አያወጣም፣ የተሻለ ትምህርት ቤት አያስገባም። ሦስተኛ፣ ያው ጥናት እናቶቹ ገንዘቡን ምን ላይ እንዳዋሉት አይቷል። ለልጅ ልብስ፣ መጽሐፍና መጫወቻ የሚያወጡት ጨመረ፤ ለልጃቸው የሚያነቡበትና የሚያጫውቱበት ጊዜም ጨመረ። ጸሐፊው የጥናቱን አንድ ገጽ ገልጠው ሌላውን ዘለሉት።

አራተኛው ግን ይበልጥብኛል። የአራት ዓመት ልጅ በቋንቋ ፈተና ያመጣው ነጥብ ስለ ሕይወቱ ምን ያህል ይናገራል? አሜሪካ ከ1911 ጀምሮ ድሃ ለሆኑ፣ በተለይም ባል ለሞተባቸው እናቶች በየግዛቱ የእናቶች ጡረታ የሚባል ወርሃዊ ክፍያ ነበራት። ተመራማሪዎች የድሮ መዝገብ ፈትሸው የተቀባዮቹን ወንዶች ልጆች እስከ ዕለተ ሞታቸው ተከታተሏቸው። ጥያቄያቸው ተቀባይነት አግኝቶ ገንዘቡ የተሰጣቸው እናቶች ልጆች፣ አመልክተው ከተከለከሉት እናቶች ልጆች ይልቅ በአማካይ አንድ ዓመት ገደማ በላይ ኖረዋል። በትምህርትም ገፍተዋል፣ ሲያድጉም የተሻለ አግኝተዋል። በሰሜን ካሮላይና ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የቸሮኪ ብሔረሰብ አባላት ከቁማር ቤታቸው ትርፍ በየዓመቱ ገንዘብ መካፈል ሲጀምሩም፣ ከድህነት በወጡት ቤቶች ያሉ ልጆች የባሕርይ ችግር ድሃ ሆነው ከማያውቁት ልጆች እኩል እስኪሆን ድረስ ወረደ። እነዚህን በአራት ዓመታቸው በፈተና ብቻ ብንለካቸው ምን እናይ እንደነበር ማንም አያውቅም።

ደግሞም ለምንድን ነው ድሃ ቤት የገባ ብር ብቻ የልጅን አእምሮ ካላሻሻለ ከሸፈ የሚባለው? መካከለኛ ገቢ ላላቸው ወላጆች ግብር ሲቀነስላቸው የልጆቻቸውን ጭንቅላት የሚለካ የለም። ኪራይ ተከፈለ፣ ልጁ ለብሶ አደረ፣ እናትየው በወር መጨረሻ ከማን እበደራለሁ ብላ ሌሊቱን ሙሉ አልተገላበጠችም። ይሄ ራሱ ውጤት ነው።

ዕቃ ይሻላል የሚለውን እንየው። ወተት፣ ዱቄት፣ የታሸገ ምግብ ይሰጥ፤ ገንዘብ ከሆነም ክሊኒክ መምጣታቸውን፣ ሥልጠና መግባታቸውን እያጣራን ይሁን ይላሉ። ሲሰማ ደስ ይላል። እዚህ ላይ አንድ ተራ ነገር ልውሰድ፦ ዳይፐር።

አሜሪካ ትልቁ የምግብ ድጋፍ ፉድ ስታምፕ ነው። ለእርጉዞችና ለሕፃናት ደግሞ ዊክ የሚባለው አለ። ሁለቱም ዳይፐር አይገዙም። ምግብ አይደለማ! አዲስ የተወለደ ልጅ በቀን ስምንትም አሥርም ሊጨርስ ይችላል። እናትየው ካርዷ ላይ የምግብ ብር ሞልቶ ዳይፐር ግን የላትም። አሁን ተከተሉኝ። አብዛኛው የሕፃናት ማቆያ ልጁን የሚቀበለው የቀኑን ዳይፐር ይዞ ሲመጣ ነው። ዳይፐር ከሌለ ማቆያ የለም። ማቆያ ከሌለ ልጁን የሚይዝላት የለም፣ ሥራ ትቀራለች። ሥራ ስትቀር የቀኗ ይቆረጣል፣ ሁለት ሦስቴ ሲደጋገም ትባረራለች። ምናልባት የምግቡን ካርድ በርካሽ ለሰው ሰጥታ ጥሬ ብር ትወስድ ይሆናል፤ ያኔ ደግሞ ሕግ ጣሰች ይባላል። ጸሐፊው በመጀመሪያው ነጥብ «ለምን አትሠራም» ያሏት ሴት ይቺ ነች። ከሥራ ያስቀራት ስንፍና ሳይሆን «ዕቃ ይሻላል» የሚለው ውሳኔ ነው።

ችግሩ ዳይፐር ብቻም አይደለም። የዛሬ ወር መድኃኒት ነው፣ የሚቀጥለው ወር የመብራት ውዝፍ ነው፣ ከዚያ የታክሲ ነው። ቢሮ ቁጭ ብሎ ለሺህ ቤት የሺህ ቤት ጉድለት የሚያውቅ ሰው የለም። ብር ግን የትም ይገባል።

ቅድመ ሁኔታውን በተመለከተ አንድ ነገር አምናለሁ። የምትፈልገው አንድ የተለየ ነገር ከሆነ፣ ለምሳሌ ልጆች ከትምህርት ቤት እንዲቀሩ ካልፈለግህ፣ ቅድመ ሁኔታ ይሠራል። በማላዊ ዞምባ ለልጃገረዶች ገንዘብ ሲሰጥ «ትምህርት ቤት ከመጣሽ» የተባሉት ከሌሎቹ በተሻለ ትምህርታቸው ላይ ቆዩ። ግን ያለ ቅድመ ሁኔታ ከተሰጣቸው መካከል ትምህርት ባቋረጡት ዘንድ በልጅነት ማግባትና ማርገዝ በብዙ ቀነሰ። ቅድመ ሁኔታ ያለበት ክፍያ ትምህርቱን ስታቋርጥ ይቆማል፤ በጣም በሚያስፈልጋት ሰዓት ማለት ነው። ጨቅላ ላለው ቤተሰብ ደግሞ ይሄ የባሰ ነው። ቀጠሮ የምታሳልፈው እናት አብዛኛውን ጊዜ ልጇ የታመመባት፣ መጓጓዣ ያጣች፣ አለቃዋ ፈቃድ የከለከላት ናት። እሷን ነው የምንቀጣው? የማጣራቱ ሥራስ በነፃ ነው? ፎርም የሚያስሞላው፣ ማኅተም የሚመታው፣ ቤት ለቤት የሚዞረው ሁሉ ደመወዝ ይፈልጋል፤ እሷም ወረፋ ይዛ የዋለችበት ቀን ከደመወዟ ይሄዳል።

ሰው ለብር ሲል ይወልዳል ለሚለው ፖላንድን ልጥቀስ። ፖላንድ በ2016 ለቤተሰቦች ከሁለተኛው ልጅ ጀምሮ (ገቢያቸው ዝቅ ላለው ከመጀመሪያው) በየልጁ በወር 500 ዝሎቲ መስጠት ስትጀምር አንዱ ዓላማዋ ሕዝቡ እንዲወልድ ነበር። እንዲወልዱ! በ2017 ውልደት ትንሽ ጨምሮ 402,000 ገደማ ደረሰ። ከዚያ ቁልቁል ወረደ፤ በ2023 272,000 ገደማ ነበር። ክፍያው በ2024 ወደ 800 ዝሎቲ ቢያድግም መውረዱ አልቆመም። መንግሥት ውለዱልኝ ብሎ ከፍሎ እንኳ ያልሆነለትን ነገር ጸሐፊው እንደ ጎርፍ ይፈሩታል። ልጅ ያሳደገ ሰው ደግሞ ሒሳቡ እንደማያዋጣ ያውቀዋል።

የዋጋ ንረቱ ፍርሃት ከዚህ ይሻላል፣ ቢያንስ ምክንያታዊ ነው። ግን ያው የኬንያው ሙከራ ይህንንም ለክቶታል። በአካባቢው ኢኮኖሚ ላይ በጣም ትልቅ የሚባል ገንዘብ ነው የገባው፤ ዋጋ የጨመረው በአማካይ 0.1 ፐርሰንት ነው። ገንዘቡን ያላገኙ ጎረቤቶችም ተጠቀሙ፣ ምክንያቱም ያገኙት ከነሱ ገዙ። ኪራይ ላይ ግን ጸሐፊው ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ቤት በጠበበበት ከተማ ሁሉም ተከራይ ብር ሲያገኝ አከራዩ ዝም ብሎ አያይም። መፍትሔው ቤት መሥራት ነው፤ እናትየውን እንዳደኸዩ መተው አይደለም።

ወጪውስ? አሜሪካ በ2021 ለስድስት ወር ለአብዛኞቹ ወላጆች ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ በወር እስከ 300 ዶላር ከፍላለች። ሰፋ ተደርጎ የነበረው ይህ የልጅ ድጋፍ በዓመት ተጨማሪ 100 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይፈጅ ነበር። ብዙ ገንዘብ ነው። በዚያ ዓመት የልጆች ድህነት ከ9.7 ወደ 5.2 ፐርሰንት ወረደ፤ ሌሎች የኮሮና ጊዜ ድጋፎችም እንደረዱ አይካድም። ከዚያ ምክር ቤቱ አልቀጥልም አለ። በ2022 12.4 ፐርሰንት ሆነ። በአንድ ዓመት ከእጥፍ በላይ! ወላጆቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ሰነፍ አልሆኑም፤ የተለወጠው ክፍያው ነው። የአገሪቱ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች በ2019 ባወጡት ሪፖርት የልጆች ድህነት በጤና፣ በወንጀልና በጠፋ ገቢ በዓመት ከ800 ቢሊዮን እስከ 1.1 ትሪሊዮን ዶላር እንደሚያስከፍል ገምተው ነበር። «አይቻልም» የሚሉት ሰዎች ይሄኛውን ሒሳብ በዝምታ እየከፈሉት ነው።

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ያሉትን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። በሲያያ ገንዘቡ የደረሳቸውንና ያልደረሳቸውን ቤቶች የለየው ዕጣ ነበር። ዕድል ከተባለ እሱ ነው።

በመጨረሻ ጸሐፊው በአንድ መስመር ጠቅሰው ያለፉት፣ ግን እኔ ሙሉ ጽሑፍ ይገባዋል የምለው ነገር አለ። ገንዘቡ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ሌላው ድጋፍ ሲቆረጥስ? ይሄ እውነተኛ ወጥመድ ነው። በአሜሪካ ደንብ የተጣራ ገቢ በአንድ ዶላር በጨመረ ቁጥር ፉድ ስታምፑ በ30 ሳንቲም ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ 500 ዶላር የተሰጣት እናት 150ውን እዚያው ልትመልስ ትችላለች። ገቢዋ ትንሽ ከፍ ሲል የሕፃናት ማቆያ ድጎማዋ ወይም የጤና ሽፋኗ ጭራሽ ሊቋረጥ ይችላል። ብዙዎቹ ሙከራዎች ገንዘቡ እንደ ገቢ እንዳይቆጠር አስቀድመው ፈቃድ የሚጠይቁት ለዚህ ነው። ሚሺጋን ውስጥ በፍሊንት ከ2024 ጀምሮ የሚሠራው አርኤክስ ኪድስ ደግሞ ገቢ መጠየቁን ራሱ ትቶታል፤ በከተማዋ ለምትኖር ነፍሰ ጡር ሁሉ 1,500 ዶላር፣ ልጁ ከተወለደ በኋላ ለአንድ ዓመት በወር 500 ይሰጣል። ሀብታሟም ታገኛለች፣ ግን ደረሰኝ የሚያጣራ ቢሮ አያስፈልግም፣ ገቢዋ ስላደገ የምትባረር እናትም የለችም። እኔ ወደዚህኛው አደላለሁ። ጸሐፊው ለድሃ ብቻ መስጠቱን የሚቃወሙት በዚህ ምክንያት ከሆነ ለሁሉም ይሰጥ ቢባል ይስማማሉ ወይ? ቀጣዩ ጽሑፋቸው ይህን ቢመልስልን ደስ ይለኛል።